ግማሹ የአባቴ የሆነው መስቀል

አባቴ የመጨረሻውን የእጅ መስቀል ግማሽ ላይ ሲያደርስ ዓይኑ ከዳው። የላይኛውን የሐረግ ጌጥ እሱ ቀርጾት ነበር፤ የታችኛውን እኔ ጨረስኩ። መስቀሉ ቅስና ለሚቀበለው ታናሽ ወንድሜ ነው። ቀረጻው አላስፈራኝም፤ እጄን አውቀዋለሁ። የጨነቀኝ ማለስለሱ ነበር፤ ከተሳሳትኩ ፍቄ የማጠፋው የራሴን ሥራ ብቻ አይደለም፣ አባቴ ከእንግዲህ ሊደግመው የማይችለውንም ጭምር ነው።

ለዚህ ብዬ ከአራዳ ገበያ በእጅ የምትያዝ ትንሽ ተሽከርካሪ ማሽን ገዛሁ። አዘዞ ባለው ሥራ ቤታችን ሳስነሳት አባቴ ፊቱን አዞረ። «ምነው፣ ቤቱን የጥርስ ሐኪም ቤት አረግኸው?» አለኝ። ማሽን ጠልቶ አይደለም፤ በደግ ዘመኑ የጎረቤቱን ሬዲዮ ሁሉ ሲፈታ የኖረ ሰው ነው። የሐረጉን ጠርዝ ታደበዝዘዋለች ብሎ ፈርቶ ነው።

እኔ ደግሞ ግትር ነኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና መስቀሉ ከተሠራበት ወይራ በተረፈ ቁራጭ ላይ ተመሳሳይ ሐረግ ቀረጽኩና የማሽኗን ጫፎች በየተራ ሞከርኩ። በብርጭቆ ወረቀት የተሸፈነው ድቡልቡል ጫፍ ለጠፍጣፋው ጎን ጥሩ ነው፤ ሐረጉ ውስጥ ሲገባ ግን ጉድጓድ ቆፈረልኝ። የድንጋዩ ጫፍ በወይራው ቅባት ተደፍኖ መፋቁን ተወና እንጨቱን ያጠቁረው ጀመር። ማሽኗን የሸጠልኝ ባለሱቅ ሻካራውን ወረቀት ውሰድ፣ ቶሎ ይጨርስልሃል ብሎኝ ነበር። ለመጨረስማ መጥረቢያም ይጨርሳል።

የተሳካልኝ በደቃቁ ወረቀት ነው። በቀጭኑ ቆርጬ፣ ጫፉ በተሰነጠቀ የማሽኗ ዘንግ ውስጥ ሰክቼ ጠቀለልኩትና ማሽኗን በዝግታ አስኬድኳት። ወረቀቱ እየታጠፈ ሐረጉን ይከተላል እንጂ ጠርዙን አይነክስም። ማሽኗ የማትደርስበትን ጥግ ወረቀት በለጠፍኩበት ስንጥር ጨረስኩት። ከዚያ ወደ መስቀሉ ዞርኩ።

እኛ ቤት መስቀል በጣት አይፈተንም። የጠራቢ ጣት ደንድኗል፣ ሻካራና ለስላሳ አይለይም፤ መስቀል ደግሞ የሚያርፈው ግንባርና ከንፈር ላይ ነው። ሳይባረክ ስለማይሳለሙት አባቴ ጉንጩ ላይ ያስኬደዋል። ያን ቀንም ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ታች አወረደው፤ ደግሞ መለሰው።

«የኔ የት ላይ ነው ያለቀው?» አለኝ።

እጁን ደግፌ መጋጠሚያውን ጉንጩ ላይ አሳረፍኩለትና «እዚህ ጋ» አልኩት። እዚያው ላይ ወዲያ ወዲህ አደረገው።

«ትዋሻለህ» አለኝ፣ መስቀሉን ከጉንጩ ሳያነሳ።

ውሸታም ተብዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።