ከስድስት ኪሎ አጥር ሥር

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእህቴ ልጅ ፒያሳ በሚገኝ አንድ የጥብቅና ቢሮ የሥራ ቃለ መጠይቋን ጨርሳ ወጣች። ሐሙስ ዕለት እንዳልተቀጠረች በስልክ ተነገራት።

ሕግ የተማረችው ከአዲስ አበባ የቀን ሙሉ መንገድ ርቃ በምትገኝ ከተማ ነው። ያደገችው ግን ከስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በእግር በሚደረስ ሰፈር ውስጥ ነበር። የመጀመሪያ ምርጫዋም እሱው ነበር፤ ምደባው ሲወጣ ግን ትምህርት ሚኒስቴር ወደዚያች ሩቅ ከተማ ላካት። ተመርቃ ስትመለስ ሰፈራችን ፈርሷል። እናቷ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብታ ብቻዋን ትኖራለች። ልጅቷ ሥራ የፈለገችው እዚሁ ከእናቷ ጋር ለመሆን ነው።

የፍርድ ቤት ዜና ስዘግብ ከቢሮው ባለቤት ጋር ከተዋወቅን ብዙ ዘመን ሆኖናል። አርብ ዕለት ቸርችል ጎዳና ላይ ካለ ካፌ አገኘሁት። ባንኮኒው ጋ ቆመን ማኪያቶ አዘዝን።

አልደበቀኝም። የጽሑፍ ፈተናው ስም ሳይጻፍበት በቁጥር ብቻ ይታረማል፤ አንደኛ የወጣችው እሷ ናት። ቃለ መጠይቁ ላይ ግን ለሁሉም የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ የውል ሕግ ማን አስተማረህ የሚል ነው። የስድስት ኪሎ ምሩቃን የሚጠሩት መምህር የቢሮውን ባለቤትም ያስተማረ ነው። ስለ መምህሩ አመል ይጫወታሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ይቀላል። እሷ የጠራችውን መምህር ከጠያቂዎቹ የሚያውቀው አልነበረም። ወረቀታቸውን አገላበጡ። ጨዋታው አልጀምር ሲላት እናቷ የመከረቻትን ተናገረች፤ ያደግኩት ስድስት ኪሎ አጥር ሥር ነው አለች።

ከጠያቂዎቹ አንዱ፣ "አጥሩ ዲግሪ አይሰጥም እኮ፣ እህቴ" አላት።

ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች።

"ፈተናውስ?" አልኩት።

"ፈተናው ጥሩ ነው። ግን ደንበኛ መጥቶ የት ነው የተማረችው ቢለኝ ምን እለዋለሁ?"

"ጠይቆህ የሚያውቅ ደንበኛ አለ?"

ስኳሩን አማሰለ። "እስካሁን የለም።"

በማግስቱ እህቴ ቤት ሄድኩ። እህቴ ጥፋቱን በራሷ ላይ አድርጋዋለች፤ ስለ አጥሩ ባልመክራት ኖሮ ትለኛለች። አይደለም አልኳት። አላመነችኝም። ልጅቷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ ፈተናውን ስንተኛ ወጣሁ አሉ?"

"አንደኛ።"

እናቷን ትልቁ ሻንጣ የት እንዳለ ጠየቀቻት። ያ ማንም የማያውቀው መምህሯ በዚያች ከተማ ቢሮ አለው። ስትመረቅ አብረሽኝ ሥሪ ብሏት እናቴ ብቻዋን ናት ብላ እምቢ ብላው ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ደወለችለት።

ሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እሷን የያዘው አውቶቡስ ከመናኸሪያ ወጣ። እህቴን ታክሲ አሳፍሬ ፒያሳ ወደሚገኘው የጥብቅና ቢሮ ሄድኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮው ሁለት ጀማሪዎችን ሥራ አስጀመረ። ሁለቱም የስድስት ኪሎ ምሩቃን ናቸው።