በአንድ ሳጥን የቀረው መሬታችን

እንዲጻፍልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው፦ የግብራችን መዝገብ ሁለት ቦታ ሲቀመጥ የመሬታችን መዝገብ አንድ ቦታ ብቻ ተቀመጠ። ያ አንዱ ሲጠፋ የሟች ልጄ መሬት አብሮ ጠፋ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ ተቀምጠው መክረው የወሰኑት ነው። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ መዝገቡን ስለያዘው ማሽን የምጽፈው እነሱ ራሳቸው የነገሩኝን ብቻ ነው።

መሬቱ ከቦንጋ ዳር፣ ወደ ጫካው በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ቡናና እንሰት አለበት። ልጄ ስትሞት ለአንዲት ልጇ ቀረ፤ ልጅቷን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። በላይ በኩል የሚያዋስነን የልጅቷ አጎት ነው፣ የአባቷ ወንድም።

መሬትና ግብር የሚመዘግበው ቢሮ የድሮውን የይዞታ ደብተር አስረክቡ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ አዲስ ይታተምላችኋል ሲል ከሰልፉ ፊት ቆሜ አስረከብኩ። ሰልፍ ላይ ፊት መቆም እወዳለሁ፤ ኋላ መጥቶ በዘመድ የሚገባውን ለማየት ይመቻል። አዲሱ ሳይታተም ክረምት ገባ። ያስረከብነው ደብተርና የቢሮው አሮጌ ወረቀት የተከመረበት ክፍል ጣሪያው ያፈስ ስለነበር ሁሉም ሻገተ። ኮምፒውተር ውስጥ ካለ ይኼ ምን ያደርጋል ተብሎ ተጣለ።

ደብተሩ ደረሰ ወይ እያልኩ እመላለስ ጀመር። የምንቀመጥበት አግዳሚ ወንበር ማሽኑ ካለበት ክፍል በር አጠገብ ነው። አንድ ቀን ከውስጥ ቀጭን ድምፅ ያለማቋረጥ ይጮኻል። ማሽኑን የሚጠብቀው ወጣት ባለሙያ ሲያልፍ ጠየቅሁት።

"ምንድነው እሱ የሚጮኸው?"

"ባትሪው ነው እማማ። መብራት ሲጠፋ ይጮኻል።"

"መብራቱ እኮ አለ።" ከራሳችን በላይ አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቷል።

"እንግዲያው ሊጠፋ ነዋ" አለች አጠገቤ የተቀመጠች ሴት። "አስቀድሞ እያረዳን ነው።"

ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም ሳቀ። እዚህ አገር መብራት ሲሄድና ሲመጣ የማይጮኽ ቢሮ የለም፤ ለጩኸቱ ጆሮ የሚሰጥ ሰው አልቋል። በሌላ ጊዜ ስሄድ በሩ ሥር ብርድ ልብስ ተወትፎ አየሁ። ጩኸቱ ሠራተኞቹን ራሳቸውን አሟቸው ነው አሉ። ድምፁ ከብርድ ልብሱ በኩል ታፍኖ ይሰማ ነበር።

ከዚያ መብራት ሄዶ በኃይል በተመለሰበት ቀን ማሽኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ጠፋ። ነገሩን ያስረዳኝ ያው ወጣት ነው። አልደበቀኝም፤ ለዚህ አከብረዋለሁ።

"የማሽኑ ሳጥን ውስጥ መዝገቡን የሚይዝ ሁለት ዲስክ ነበር እማማ" አለኝ። "አንዱ የያዘውን ሌላውም እኩል ይይዛል። አንዱ ቢሞት ሌላው ያኖረናል። ሲሞት ግን አዲስ ተኩልኝ ብሎ ሳጥኑ ይጮኻል።"

"ታዲያ ያ ስንስቅበት የነበረው . . ."

"አዎ። ባትሪው መስሎን ነው። የቀረውን አንዱን ደግሞ መብራቱ ወሰደው።"

"ሁለቱንም አንድ ሳጥን ውስጥ ለምን ከተታችኋቸው? እኛ ቆጮ እንኳ ስንቀብር ሁሉንም አንድ ጉድጓድ ውስጥ አንጨምርም። ውሃ ቢገባበትስ?"

"ሌላ ማሽን ሌላ ሕንፃ ውስጥ አለ። ግን ውድ ስለሆነ ትንሹ ነው የተገዛው፤ ሁሉን አይችልም። የግብሩ መዝገብ እዚያም ይገለበጣል።"

"የመሬቱስ?"

ጫማውን አየ። "የመሬቱ ይቆይ ተባለ።"

"ማን አለ?"

"እኔ አይደለሁም እማማ።"

ወሬው ከተማውን ለማዳረስ አልቆየም። የልጅቷ አጎት አጥሩን ነቅሎ ወደ ታች አወረደው፤ ልጄ በእጇ የተከለችው ቡና ወደ እሱ ግቢ ገባ። ሄጄ ስጠይቀው አልተቆጣም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝ።

"እትዬ፣ ወረቀት ካለዎት ያሳዩኝና ዛሬውኑ እመልሰዋለሁ" አለ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቢሮው፣ ድንበሩ ሲለካ የነበረ ምስክር አምጡና እንደገና እንመዘግባለን አለን። ያኔ ከቆሙት ሽማግሌዎች በሕይወት ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሺሺንዳ ከተማ ልጁ ቤት ገብቷል። ከልጅቷ ጋር በሚኒባስ ሄድን። በረንዳ ላይ ጋቢ ለብሶ ተቀምጦ አገኘነው። በካፊኖኖ፣ በአገራችን ቋንቋ፣ ሰላም ስለው በድምፄ አወቀኝና ፊቱ በራ።

"ልጅሽ ደህና ናት?" አለኝ።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። የእናቷ ቀብር ላይ ከፊት ከነበሩት አንዱ እሱ ነው።

"ደህና ናት" አልኩት። "የመጣሁት ስለ ድንበሩ ነው። ከባሏ ወንድም ጋር የሚያዋስነን የቱ ጋ ነበር?"

ጣቱን አንስቶ ወደ አንድ ቦታ ሊያመለክት ፈለገና መልሶ ጋቢው ውስጥ ከተተው።

"ልጅሽን ጠይቂያት" አለኝ። "እሷ በደንብ ታውቀዋለች።"

ስንመለስ ዝናብ ነበር። ልጅቷ መስኮቱን እያየች "እማዬ፣ ቢቀርብኝስ?" አለች።

"መሬቱ ቢቀርብሽ አንቺ ታውቂያለሽ" አልኳት። "የእኔ ጥያቄ ግን አይቀርም።"

የቢሮው ኃላፊ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። በመጨረሻ ከበሩ ፊት ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ጸሐፊዋ "እትዬ፣ ዛሬ አይገቡም" ስትለኝ "ታዲያ ውስጥ የሚያስለው ማነው?" አልኳት። ሳቋን ዋጠችና በሩን ከፈተችልኝ። ኃላፊው ተነስቶ ተቀበለኝ፤ ወንበርም ሰጠኝ። መሬቱን እንዲመልስልኝ አልጠየቅሁትም፤ እንደማይችል አውቄያለሁ።

"የግብሩ ሁለት ቦታ፣ የእኛ አንድ ቦታ ይቀመጥ ብሎ የወሰነው ማነው?" አልኩት።

"ኮሚቴው ነው። እኔም ነበርኩበት።"

"ለምን?"

ሄዶ መስኮቱን ዘጋው። ውጭ ባጃጆች ይጮኻሉ።

"እትዬ" አለኝ፣ "በጀቱ ለሁለቱም አልበቃም፤ አንዱን ምረጡ ተባልን። ግብር ከጠፋ ያለበትን ከልቡ የሚያስታውስ ሰው አይገኝም። ድንበርን ግን ጎረቤት ያውቀዋል፣ ሽማግሌ ያውቀዋል። ስለዚህ ሁለተኛው ኮፒ እናንተ ናችሁ ብለን ነው።"