ቡና የሚነካ እጅ

ከዚህ በፊት ከገበያ ዝርዝርና ከስልክ መልእክት በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴንም ከስድስተኛ ክፍል አቋርጫለሁ። ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ስለሚጠፋብኝ ግን ይህን መጻፍ ከማውራት ሳይቀለኝ አልቀረም።

ውሻችን ያደገው ገጠር፣ ማንኪራ ነው። እዚያ በቡና ለቀማ ወቅት የእኔ ሥራ ቡናው የሚሰጣበትን የማድረቂያ አልጋ ከጦጣ መጠበቅ ነበር። ጦጣ የቀዩን ቡና ጣፋጭ ልጣጭ ትወዳለች። እጇን ስትዘረጋ ውሻውን «ያዛት» እለዋለሁ፤ አባርሮ ሲመለስ ከምሳዬ ቆጮ ቆርሼ እሰጠዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው ስለማይኖር ከእሱ ጋር ብዙ አወራ ነበር። አንድ ጆሮው የታጠፈ ነው፤ በሌላው ብቻ የሚሰማኝ ይመስለኛል።

አምና አባቴ ቦንጋ ከተማ የጥበቃ ሥራ ሲያገኝ ውሻውን ይዘነው መጣን። ግቢውን የምንጋራቸው ጎረቤታችን እትዬ፣ ቀይ ቡና ከገበያ እየገዙ፣ ሸራ ላይ እያደረቁ ይሸጣሉ። አንድ ጠዋት ጎንበስ ብለው ቡናቸውን በእጃቸው ሲያገላብጡ ውሻችን ዘሎ እጅጌያቸውን ያዘ። ቀሚሳቸው እስከ ክርናቸው ተቀደደ፤ ደግነቱ ጥርሱ ሥጋቸውን አልነካም። እሱ ደግሞ ጭራውን እየቆላ ወደ እኔ መጣና እጄን እጄን ያይ ጀመር። ቆጮውን እየጠበቀ ነበር።

አባቴ ዱላ ይዞ ወጣ።

«ይቆዩ ጋሼ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?» አሉ እትዬ የተቀደደውን እጅጌ ይዘው።

«እዚሁ ቡናው አጠገብ ልቀጣው ነዋ። ውሻ ካልመቱት አይማርም። እኔንስ አባቴ እንዲሁ አይደል ያሳደገኝ?»

«እሱማ ያስታውቃል።»

አባቴ ሊስቅ ፈልጎ ተወው።

«ዛሬ እዚህ ቢመቱት ነገ ቡናዬን ሲያይ ዱላው ትዝ ይለዋል» አሉ እትዬ። «ያን ጊዜ አጠገቡ አግኝቶ የሚነክሰው ደግሞ እኔን ነው። ውሻ ምን ያውቃል? የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው።»

«እንግዲያው ለገጠር ሰው እሰጠዋለሁ። ቅዳሜ የሚሄድ መኪና አለ።»

እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ። ብናገር አባቴ በእትዬ ፊት ያፍርብኛል፤ ዝም ብል ውሻው ይሄዳል። ወጣሁና መሬት መሬት እያየሁ «ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። የጦጣዋንም የቆጮውንም ነገር ነገርኳቸው።

እትዬ የተቀደደውን እጅጌያቸውን አዩ። «ስለዚህ እኔን ጦጣ ናት ብሎ ነው» አሉ።

አባቴ አሁን ሳቁን መያዝ አቃተው። እትዬ «ታዲያ ጋሼ፣ ዱላው ለማን ነው?» ሲሉት ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ግን አልተሸነፈም። «እስከ ቅዳሜ አርሚው፤ ካልሆነ ይሄዳል» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ቡናቸውን ሲያገላብጡ ውሻውን በገመድ ይዤ ትንሽ ራቅ ብዬ እቆም ጀመር። መጀመሪያ ገመዱን በቀስታ እየሳብኩ «ተው የኔ ጌታ» እለው ነበር፤ እሱ እየጎተተኝ ይሄዳል። አባቴ ደጃፍ ላይ ሆኖ «እየለመንሽው እንጂ እያረምሽው አይደለም» አለኝ። ከፋኝ፤ ግን እውነቱን ነበር። በማግስቱ ሊዘል ሲል ገመዱን አንዴ ጠበቅ አድርጌ ሳብኩና «ተው» አልኩት። አልተቆጣሁም፤ ድምፄ ግን ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ዞሮ አየኝና ተቀመጠ። ወዲያው ቆጮ ሰጠሁት።

በዚህ ነገር ከአባቴ ጋር እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ያስተማረው ገመዱ ነው ይላል፤ እኔ ቆጮው ነው እላለሁ። ከእራቱ ለውሻው የሚያተርፈው ግን እሱ ነው።

አርብ ዕለት እትዬ ራሳቸው ከሩቅ ቆጮ ወረወሩለት። ቅዳሜ ጠዋት ከእጃቸው በላ። አባቴ ለባብሶ ወጥቶ አየና ስለ መኪናው ምንም ሳያነሳ ወደ ሥራው ሄደ። እኔ ገመዱን እጄ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሜ ቆሜያለሁ። እትዬ ሸራቸው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብለው ውሻውንና እኔን ተራ በተራ አዩን።

«ፍቺው» አሉኝ። «ከነከሰኝ ግን እሱን አይደለም፣ አንቺን ነው የምጠይቀው። ሰምተሻል?»