ጥቁር ጭቃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ግድግዳው ነበር፤ ነጭና ልስልስ። ያደግሁት ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ እናቴ ግድግዳውን ስትመርግ፣ ጭቃውን በእግሬ የማቦካላት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ሴት ልጄ የሂሳብ አያያዝ ትምህርቷን ትታ ግድግዳ በማስጌጥ ልትተዳደር እንደምትፈልግ ስትነግረኝ፣ ይባስ ብላም የሳሎናችንን ግድግዳ በጭቃ ሠርቼ ላሳይዎት ስትለኝ ደሜ ፈላ።

«ከጭቃ ያወጣሁሽ ጭቃ ይዘሽ እንድትገቢ ነው?»

«አንድ ግድግዳ ብቻ አባባ። ካልወደዱት ኮሌጅ እመለሳለሁ።»

ተስማማሁ።

አፈሩን ሰንጋ ተራ ለሕንፃ መሠረት ከሚቆፈር ጉድጓድ በማዳበሪያ ከረጢት አመጣችው። መረሬ ነበር፤ ጥቁርና እንደ ሙጫ የሚጣበቅ። ከጭድ ጋር አቡክታ እንዲብላላ በረንዳ ላይ አስቀመጠችው። ሽታው ደረጃውን ሞላው። የታችኛዋ ጎረቤታችን ወጥታ፣ «ጋሼ፣ ላም ገዙ እንዴ? ወተቱን ለእኛም ያስቡልን» አለችኝ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ። መረሬ ብቻውን ከተመረገ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ አሸዋ ይፈልጋል። ፊደል ያለ አስተማሪ የለየሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ግን እናቴ ናት ያስተማረችኝ። ልጄ አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳትም። እንድትሸነፍ ፈልጌ ዝም አልኩ፣ ዝምታዬንም አባታዊ ጥበብ አድርጌ ቆጠርኩት። ልጆቼን አትዋሹ እያልኩ ያሳደግሁ ሰው ነኝ።

የግድግዳውን ቀለም ፍቃ ጭቃውን በመዳፏ መረገችው። በአራተኛው ቀን ከጣሪያ እስከ ወለል ተሰነጣጠቀ። አላለቀሰችም። ስንጥቆቹን በጣቷ እየተከተለች ቆየችና ኖራ በጥብጣ፣ በሲሪንጅ አንድ በአንድ ትሞላቸው ጀመር። ሁለት ቀን ሙሉ ከወንበር ላይ አልወረደችም።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ በሩን ከፍቼ ቆምኩ። በጥቁሩ ላይ ነጫጭ መስመሮች እንደ ቅጠል ጅማት ተሰራጭተው፣ አንዱ ከሌላው ሳይመሳሰል፣ ሁሉም ግን አንድ አካል ሆነው ነበር። በመስኮቱ ብርሃን ጭዱ በየቦታው ወርቅ ወርቅ ይላል። የሰው እጅ ምንም ቢሠለጥን እንዲህ አይስልም፤ አፈሩ ራሱ ስሎት እሷ አየችው። ዕድሜዬን ሙሉ ስሸሸው የኖርኩት ነገር ይህን ያህል ውበት እንደነበረው አላወቅሁም። ባርኔጣዬን ማውለቄን እንኳ ያወቅሁት በኋላ ነው።

«እንደሚሰነጠቅ አውቅ ነበር» አልኳት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከረጢቱን ስትፈቺ።»

«ወገቤ እስኪቆረጥ ነው የሠራሁት አባባ።»

ይቅርታ ልጆቼን በሉ ብዬ የማዛቸው ቃል እንጂ እኔ የምናገረው አልነበረም። እንደ ምንም ብዬ ተናገርኩት።

«እና ኮሌጁስ?» አለች።

«አትመለሺም። ለሰው ቤት ስትሠሪ ግን አሸዋ ጨምሪበት።»

«አልጨምርም» አለችኝ፣ ነጩን ስንጥቅ በጣቷ እየተከተለች።