አማቹን የፈተነው ቀጥቃጭ

መርዳሳ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ደራ አጠገብ ባለች መንደራቸው የጎረቤት ሕፃን በተቅማጥ ሞተ። የመንደሩ ሰው ግን «የቀጥቃጩ ልጅ በላው» አለ። የመርዳሳ አባት ብረት ቀጥቃጭ ስለነበር ቤተሰቡ በሙሉ በቡዳነት ይታማ ነበር። ከቀብር መልስ ሰዎች መጥተው የወናፉን ጎጆ አቃጠሉ። መርዳሳንም ደብድበው፣ ሞቷል ብለው ገደል አፋፍ ላይ ጥለውት ሄዱ። እየዳኸ ወደ መንገድ ወጣ፤ አንድ የጭነት መኪና አሳፍሮት ወንጂ ገባ።

ወንጂ ከየአገሩ የመጣ ሠራተኛ የሚኖርባት ስለነበረች አባትህ ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀው የለም። የሸንኮራ መቁረጫ ገጀራ እየሳለ ኖረ፤ አገባ። ሚስቱም አንዲት ልጅ፣ ሰርክአዲስን፣ ትታለት ሞተች። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትገባ እሱም አብሯት ፊደል ቆጠረ፤ ያኔ አርባ ዓመት አልፎታል። ማንበብ ከቻለ በኋላ ግን ማንም አላቆመውም። ወደ አዳማ መጥቶ በርና መስኮት የሚበይድበት ሱቅ ከፈተ፤ በቤተ ክርስቲያናችንም የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መሪ ሆነ።

ስለ ሰው እኩልነት እንደ እሱ የሚያስተምር አልሰማሁም። «ክርስቶስ የሞተው ለባላባት ልጅ ብቻ አይደለም» ይል ነበር። ጥቅስ የተሳሳተ ሰው ካገኘ ግን አያልፈውም። «የትኛው ምዕራፍ ላይ አገኘኸው?» እያለ ሰውየውን በጉባኤ ፊት አንገቱን ያስደፋዋል። እኛም የሊቅ ነገር ነው ብለን እናልፈዋለን።

ባለፈው ዓመት ሚሊዮን የሚባል ወጣት ለሰርክአዲስ ሽማግሌ ላከ። ወላጆቹ ከከምባታ የመጡ ሸንኮራ ቆራጮች ናቸው፤ እሱም ከሦስተኛ ክፍል አቋርጦ ወንጂ ሸንኮራ ይቆርጣል። እሑድ እሑድ እየመጣ ከሰርክአዲስ ጋር ይዘምራል። ሽማግሌ ሆነን የሄድነው እኔና የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ጆቴ ነን። እንደ ወጉ ቆመን ጠየቅን።

«ተቀመጡ» አለን መርዳሳ። «ዘሩን አልጠይቃችሁም፤ እኔ ዘር የምጠይቅ ሰው አይደለሁም። ልጁን ግን አምጡልኝ።»

«ምን ሊያደርግልህ?» አለው ጆቴ።

«ልፈትነው።»

ጆቴ ሳቀ። «እኔ እንኳ እንዲህ ብፈተን ኖሮ እስካሁን ወንደላጤ ነበርኩ።»

መርዳሳ አልሳቀም። ሚሊዮን ደጅ ቆሞ ይጠብቀን ስለነበር ተጠርቶ ገባ። መርዳሳ ወንጌሉን ገልጦ እጁ ላይ አኖረለት። ልጁ ጥቂት ቃል ከለቀመ በኋላ መጽሐፉን መለሰለት።

«ጋሼ፣ ማንበብ ብዙም አልችልም። ሲነበብ ግን እሰማለሁ።»

«ልጄ ዲፕሎማ አላት። ከማያነብ ሰው ጋር ምን ታወራለች?»

ሰርክአዲስ ከጓዳ ወጣች። «የማወራውን አላጣሁም፣ አባዬ። አንተን ዘርህን አይተው አባረሩህ። አንተ ደግሞ ትምህርቱን አይተህ ልታባርረው ነው። ልዩነቱን አስረዳኝ።»

«ዘርን ሰው አይመርጠውም። መማር ግን ይቻላል፤ እኔ ተምሬያለሁ።»

«አንተ የተማርከው በእኔ መጽሐፍ ነው። እሱ ቤት ማን መጽሐፍ ነበረው?»

መርዳሳ ግን ከሐሳቡ ፈቀቅ አላለም፤ እምቢ ብሎ መለሰን። በሳምንቱ ሰርክአዲስ ልብሷን ይዛ ሻሸመኔ አክስቷ ዘንድ ሄደች።

እኛ ዘንድ የጌታ እራት በሚቀርብበት ቀን ወንዶች የወንዶችን፣ ሴቶች የሴቶችን እግር ያጥባሉ። እሷ ከሄደች በኋላ በመጣው እንዲህ ባለው እሑድ፣ ሚሊዮን ሳፋ ይዞ መርዳሳ ፊት ተንበረከከ። መርዳሳ እግሩን ወንበሩ ሥር ሰበሰበ።

«ዛሬ እግሬን አሞኛል» አለ።

ልጁ ጥቂት ጠብቆ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። አዳራሹ በሙሉ አየ።

ከዚያ ወዲህ መርዳሳ ስለ እኩልነት ማስተማር አቃተው። ይጀምርና ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል። ሲደውልላት ሰርክአዲስ ታነሳለች፣ ጤንነቱን ትጠይቃለች፣ ትዘጋለች። በመጨረሻ ወንጂ ሄዶ ሚሊዮንን ከማሳው አስጠራና ይቅርታ ጠየቀው።

«እኔ ይቅር ብያለሁ፣ ጋሼ» አለው ልጁ። «ሠርጉ ሻሸመኔ ነው፤ ይምጡ። በአባት ፈንታ የሚመርቀን ግን የአክስቷ ባል ነው። እሷ ናት የወሰነችው። እርስዎ እንዲመርቁን ለምኛት ነበር፤ እምቢ አለች።»

መርዳሳ ሄደ። ከእንግዶች መካከል ተቀምጦ፣ ሌላ ሰው ሴት ልጁን ሲመርቅ አሜን አለ።

ስንመለስ አብረን ነበርን። ቡልቡላን እንዳለፍን፣ በዕድሜህ ካወቅኸው ሁሉ የሚበልጥብህ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት። እንዲህ አለኝ፦

«ሰዎች መርዳሳ ተምሮ ሰው ሆነ ይላሉ። እኔም አምኜው ኖርኩ። እኔ ተምሬ ሰው ከሆንኩ፣ ያልተማረው ምንድን ነው ሊባል ነው? እግዚአብሔር ሰው አድርጎ የፈጠረኝ ፊደል ሳልቆጥር ነው፤ ያንንም ልጅ እንደዚያው። የሚበልጠው ይሄ ነው። እኔ ይሄን እስካውቅ ልጄን ሌላ ሰው መረቀልኝ።»