አሜሪካ ያጣላቻቸውን ላስታርቅ ብዬ

የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ለሁለተኛ ጊዜ የተመረጠ ሰሞን፣ ካዛንቺስ እኛ ግቢ ሁለት ጎረቤታሞች ተኳረፉ። ባለሱቁ ሸምሱ «ይሄ ሰውዬ ዓለምን ያነዳታል» ሲል፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው ታደሰ «እንዲያውም ሰጥ ለጥ አድርጎ ያሳርፋታል» አለ። በዚያው ሰላምታ ቀረ። አንዱ ውሃ ሊቀዳ ሲወጣ ሌላው በሩን ይዘጋል። ሚስቶቻቸው ሲጨንቃቸው እኔንና ጡረተኛውን መምህር ግርማን አስታርቁልን አሉን።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱን እኔ ቤት አስቀመጥናቸው። «የጠቡ መነሻ ሳይታወቅ እርቅ የለም» አልኩ፣ እንደ ሽማግሌ ወጉ። ሁለቱም ትንበያቸውን ደገሙ። ዝም ብል ምን ነበረበት።

«እውነቱን ለመናገር ሸምሱ ሳይሻል አይቀርም» አልኩ። «ነዳጅ ይወደዳል፣ ቪዛም ይዘጋል።»

ግርማ መነጽሩን አወለቀ። «አንተ ደግሞ ስለ አሜሪካ ምን ታውቃለህ?»

«ካንተ እሻላለሁ።»

በቃ፣ ተነሳን። ታደሰ የኔን ኮት፣ ሸምሱ የግርማን ክንድ ይዘው «ኧረ ተዉ፣ በትልቅ ሰው አያምርም» እያሉ ይለምናሉ። ግርማ ግን በሩን ወርውሮት ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ሸምሱና ታደሰ ጎን ለጎን ቆመዋል፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው።

«ምነው፣ በሰላም ነው?» አልኳቸው።

«ከመምህር ግርማ ጋር ልናስታርቅዎት ነው» አለ ታደሰ።

ሸምሱ ቀጠለ፤ «አይስጉ ጋሼ፣ የጠቡን መነሻ አንጠይቅም።»