አንድ ቦታ የማይረጋው ማግኖሊያ

ሶዶ ውስጥ ከእኔ በፊት ማግኖሊያ የተከለ ሰው ካለ በራፌ ክፍት ነው፤ መጥቶ ይከራከረኝ። ማንም አላስተማረኝም። ራዲዮ መጠገንን፣ ግንብ መገንባትን፣ አቮካዶ ማዳቀልን ሁሉ እያየሁና እየሞከርኩ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ልጄ ከአዲስ አበባ አንድ አጭር የማግኖሊያ ችግኝ ይዞልኝ መጥቶ፣ «በበልግ ቅጠሉ ሳይወጣ ነጭ አበባ ያወጣል፤ ከሰው ቁመት ብዙም አያልፍም» ሲለኝ፣ በእኔ እጅ እንደሚያብብ አልተጠራጠርኩም።

ጓሯችን ትንሽ ናት፤ አብዛኛውን የያዘው የባለቤቴ እንሰት ነው። እሷ እያጉረመረመች አጥር ጥግ ተከልኩት። ከርሞ አላበበም። ጥላ በዛበት ብዬ ነቅዬ ወደ በሩ አመጣሁት። እዚያም ቅጠል ብቻ ሆነ፤ ወደ ውኃ ታንከሩ ወሰድኩት። በእኛ አገር እንሰት ባደገ ቁጥር ይነቀላል፣ ሥሩ ይከረከማል፣ ሰፋ ወዳለ ቦታ ይዛወራል፤ እንዲያ ሲደረግ ነው የሚወፍረው። በዚህ ሥራ ከእኔ የተሻለ እጅ በሰፈራችን የለም። ማግኖሊያውንም እንደዚያው ሥሩን እየከረከምኩ አዛወርኩት።

ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ፣ ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ ማዶ ብቅ ይላል።

«ጋሼ፣ ዛፉ ዛሬ የት አደረ?»

«አየር እየለወጠ ነው» እለዋለሁ።

«እኔስ አከራዩ ያባረረው መስሎኝ።»

ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። ጾሙ ሲገባ ታንከሩ አጠገብ ቆማ፣ «እስከ ፋሲካ ካላበበ ቦታው የእንሰቴ ነው» አለች። ካለች ታደርገዋለች።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃተኝ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጫማዬን ሳልቀይር ወደ ዛፉ፤ ምሳዬን ሳልጨርስ ወደ ዛፉ። ዳሞታ ተራራ ላይ ደመና ሲወርድ በረደው እላለሁ፤ ፀሐይ ስትከር ውኃ ጠማው እላለሁ። በሕማማት አላስችል አለኝ፤ ዶማ አንስቼ ዙሪያውን መማስ ጀመርኩ። ባለቤቴ ወጥታ ዶማውን ያዘች።

«አንተ ሰውዬ፣ በሕማማት?»

«ወደ ቤቱ ግንብ ላስጠጋው ነው፤ እዚያ ይሞቀዋል።»

«እንሰት መሰለህ እንዴ? በየዓመቱ ሥሩን እየቆረጥክበት በምኑ ያብብ?»

መልስ እያዘጋጀሁ ሳለ ጎንበስ ብላ አንድ ቅርንጫፍ ወደ እኔ አዞረች። ጫፉ ላይ ግራጫ ጠጉር የለበሰ፣ ባቄላ የሚያህል ነገር አለ። የአበባ እምቡጥ መሆኑን ወዲያው ለየሁት፤ ዓይኔ ለእንዲህ ያለው ነገር ስል ነው።

«እንግዲያው ይቆይ» አለች። «ከነካኸው ግን በማግስቱ እንሰት እተክልበታለሁ።» ዶማውን በአጥሩ አሻግራ ለአስተማሪው ሰጠችው። እሱም ያለ አንድ ጥያቄ ተቀበላት።

ፋሲካ አለፈ። እምቡጡ አልተከፈተም፤ አልረገፈምም። ሌላ ሰው ቢሆን በጥፍሩ ፈልቀቅ አድርጎ ያየው ነበር። እኔ ሁለት እጄን ኪሴ ከትቼ ዛፉን እዞራለሁ። አሁንም ከዚያው ነው የመጣሁት፤ ይህችን ጽፌ እንደጨረስኩ እመለሳለሁ።